ደቅ ደሴት መኪና ይገባል ወይ?

ከባለቤትዎ ጋር ከጎንደር ተነሥተው ደቅ ደሴት በመኪና መድረስ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይችሉም። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጎርጎራ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጣና ነው። ደቅ ያለው ሐይቁ መካከል ስለሆነ ቀሪው ጉዞ በጀልባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚያይል በጠዋት ይነሡ።

የደሴቱ ሰው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ነው። ዳር ላይ ታንኳ ሲያዩ ቆም ይበሉ። ደንገል ከሚባል የውኃ ዳር ተክል እየታሰረ የሚሠራ ስለሆነ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ከውኃ ሲወጣ ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ እንደ እርጥብ ጋቢ።

የደሴቱን ቤተ ክርስቲያን፣ ናርጋ ሥላሴን፣ ሳያዩ እንዳይመለሱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት የእኛዋ የጎንደር ቁስቋሟ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በግድግዳው ሥዕል ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ያገኟቸዋል። እኔ ከቤተ መንግሥታቸው ይልቅ እዚያ ይበልጥ የማውቃቸው ይመስለኛል።

ከደቅ አጠገብ ባለችው ደሴት ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ገዳም ነው፤ ሴት ግን አይገባበትም። ባለቤትዎ ጀልባው ላይ ተቀምጠው እንዳይቀየሙዎት ይህን ከጎንደር ሳይወጡ ይንገሯቸው። ጥሬ ገንዘብም ይያዙ።