ማስጠንቀቂያ 1592ን ዝም ብዬ ልለፈው?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምንጠቀመው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል 5.6 ነው፤ አንድ ዋና ሰርቨርና አንድ ሪፕሊካ (የዋናውን ለውጥ እየተከተለ የሚይዝ ቅጂ ሰርቨር) አለን። ለደንበኛ የቅናሽ ኮድ የምንሰጠው ካልተያዙት ረድፎች አንዱን በ«አፕዴት» እና በ«ሊሚት 1» ይዘን ነው። የቆዩ ረድፎችን ደግሞ ሌሊት «ዴሊት» በ«ሊሚት 1000» እያልን እናጠፋለን። ኤረር ሎጉን 1592 የሚል ማስጠንቀቂያ ሞልቶታል። ሥራው ግን አልቆመም። ልለፈው?

መልስ፦ ኧረ እንዳታልፈው! 1592 የሚልህ «ይህ ትእዛዝ ሪፕሊካው ላይ ሌላ ውጤት ሊሰጥ ይችላል» ነው። «ሊሚት 1» ስትል አንድ ረድፍ አልክ እንጂ የትኛውን እንደሆነ አልተናገርክም። 5.6 ደግሞ ካልነካኸው ባይንሎግ (ሪፕሊካው የሚከተለው የለውጥ መዝገብ) ላይ የሚጽፈው የተቀየረውን ረድፍ ሳይሆን ትእዛዙን ነው፤ ሪፕሊካው ያንኑ ትእዛዝ በራሱ ያስኬደዋል፣ ሌላ ኢንዴክስ (የረድፍ መፈለጊያ ማውጫ) ከመረጠ ደግሞ ሌላ ረድፍ ያነሳል። ደንበኛው ዋናው ላይ ኮድ 417 ተሰጥቶት ሪፕሊካው ላይ 902 ተይዞለት ልታገኝ ትችላለህ። ሪፖርታችሁ ከሪፕሊካው የሚነበብ ከሆነ ጉድ ፈላ።

የሌሊቱ «ዴሊት» ያን ያህል አያስፈራም። የሚጠፋ እስኪያልቅ ከደገምከው ሁለቱም ጋ መጨረሻው አንድ ነው። መሀል ላይ ካቆምከው ግን ይለያያሉ።

ለኮዱ መጀመሪያ በ«ሴሌክት» አንድ ረድፍ ምረጥ፣ «ኦርደር ባይ» አይዲ ጨምርበት፣ በ«ፎር አፕዴት» ቆልፈው፣ ከዚያ እዚያው ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸኑ ትእዛዞች) ውስጥ በአይዲው ብቻ አፕዴት አድርገው። በተፈጠረበት ቀን መደርደር አይበቃም፤ እኩል ሰዓት ያላቸው ሁለት ረድፎች ከመጡ ያው ዕጣ ነው።

ባይንሎጉን ወደ «ሮው» (ትእዛዙን ሳይሆን የተቀየረውን ረድፍ ወደሚጽፍበት ፎርማት) መቀየርም ትችላለህ። ከ5.7.7 ጀምሮ ማይኤስኪውኤል ሳትነካው የሚመጣው በዚሁ ነው። ብቻ ይህን የምትቀይርበት «ሴት ግሎባል» የሚሠራው አዲስ ለሚከፈት ኮኔክሽን ነው፣ ኮኔክሽን ፑል ያለው (የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን ይዞ ደጋግሞ የሚጠቀም) አፕሊኬሽን ሪስታርት እስኪደረግ በድሮው ይቀጥላል። ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ቁልፍ) ወይም ሌላ ኢንዴክስ የሌለው ሠንጠረዥ ካላችሁ ደግሞ ሪፕሊካው ለእያንዳንዱ ረድፍ ሠንጠረዡን ሲያስስ ይከርማል።

ከመቀየርህ በፊት ግን የዋናውንና የሪፕሊካውን ዳታ አመሳክር፤ ፔርኮና ቱልኪት ውስጥ ያለው ፒቲ-ቴብል-ቼክሰም ለዚሁ የተሠራ ነው። «ሮው» የቆየ ልዩነት አያስተካክልም። ሪፕሊካው ላይ የጎደለ ረድፍ ካለ በኤረር 1032 (ረድፉ አልተገኘም) ቀጥ ይላል፣ እሱስ ቢያንስ ይታያል። ረድፉ ኖሮ ይዘቱ ብቻ ከተለየ ግን በፕራይመሪ ኪው አግኝቶት ምንም ሳይል ያልፋል፤ የአንተ ኮዶች ደግሞ እንደዚያ ናቸው።