መከለያውን ማን አወለቀው?

ገላን አካባቢ ብረታ ብረት ፋብሪካ የገባ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ማሽኑ ነው። ቶርኖና መብሻ ማሽን ላይ ጓንት ራሱ ጠላት ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት ጨርቁን ከያዘ እጅን ይዞ ይሄዳል። ቀሪውን ፎርማኑ ይንገረው። እኔን ግን ጥያቄው ድሮ ወደምሠራበት የአቃቂ ፋብሪካ ወሰደኝ።

በደርግ ዘመን አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ፤ ቅዳሜ ማታ ጠጅ ቤት ክራር ይመታልን ነበር። እንደ እርሱ አንቺ ሆዬን የሚጫወት እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያኔ ኮታ ማሟላት፣ ኮከብ ሠራተኛ መባል ትልቅ ነገር ነበር። ላሜራ በኃይል የሚጫነው ማሽን፣ ፕሬሱ፣ ላይ እጅ እንዳይገባ የሚጋርደው መከለያ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከወለቀ ቆይቷል፤ ጥግ ላይ ተጥሎ ሁላችንም በላዩ እንራመዳለን። የሌሊቱ ፈረቃ ሊያልቅ ሲል ላሜራው ተዛነፈበት። እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ ሊያቃናው እጁን ሰደደ። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ሄዱ። በማሽኑ ጫጫታ ጩኸቱን እንኳ አልሰማነውም። ሪፖርቱ አንድ መስመር ነበር፦ «በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት»። ከዚያ በኋላ በር ጠባቂ አደረጉት። ክራሩን ሸጠው።

ሕግ ጣት አያተርፍም እል ነበር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚታደል፣ ሲሄድ የሚሰበሰብ ሄልሜት በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡት። አንቀጽ 92 አሠሪው የደኅንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ አደጋን መዝግቦ ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያ አንድ መስመር ዛሬ ቢጻፍ ነገሩን አይዘጋውም ነበር። ስለዚህ ሕግ ጣት ያተርፋል፤ ካሣ የሚከፍል ሰው መከለያውን ራሱ ፈልጎ ይገጥማል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ግን ጆሯችሁ ላይ ሙዚቃ ሰክታችሁ፣ ለቲክቶክ እየተቀረጻችሁ ብረት ትቆርጣላችሁ። የማሽን መከለያን ማውለቅ ለሠራተኛም ክልክል ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ሆን ብሎ የጣሰ ካሣውን ሊያጣ ይችላል።

አደጋ እያንዣበበ አሠሪው ተነግሮት ካላስተካከለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅም መብት ነው። የቤት ኪራይ ያለበት ልጅ ይህን መብት በቀላሉ እንደማይጠቀምበት አይጠፋኝም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂው ላይ ቀን አስጽፋችሁ አስፈርሙና ቤታችሁ አስቀምጡት።