«አሮጌ ሰይፌን ፈልጉልኝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ የከዚራ ነዋሪ ነኝ። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከእኅቶቼ ጋር በረንዳ ላይ ሆነን የቻይና ተከታታይ ድራማዎችን እናያለን። ሰሞኑን የአንድ ወጣት ንጉሥ ታሪክ አከራከረን። ሕፃን ሳለ ታስሮ፣ በድህነት አድጎ፣ ሳይታሰብ ዙፋን ላይ የወጣ ነው። መኳንንቱ የኃያሉን እንደራሴ ልጅ እቴጌ አድርጎ እንዲያነግሥ ሲጎተጉቱት፣ «ድሃ ሳለሁ የነበረኝን አሮጌ ሰይፍ ፈልጉልኝ» የሚል ትእዛዝ አወጣ ይባላል። ታላቅ እኅቴ የደራሲ ፈጠራ ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ እውነት ነው ባይ ነኝ። በእርግጥ ተፈጽሟል? ከተፈጸመስ ንጉሡ ይህን ያደረገው ሚስቱን ወዶ ነው ወይስ እንደራሴውን ሊፈትን?

መልስ፦ ትእዛዙ በእርግጥ ወጥቷል፤ ስለዚህ ክርክሩን ረትተዋል። ንጉሡ ሹዋን በሚለው ስም የሚታወቀው የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ነው። የልጅነት ስሙ ሊዩ ቢንግዪ ሲሆን፣ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ74 እስከ 49 ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸውና፣ ቁጥሩ ወደ ታች እየቀነሰ ሲሄድ አይደናገሩ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ለመመለስ ግን ከእስር ቤቱ መጀመር ግድ ነው። በ91 የቢንግዪ ቅድመ አያት ንጉሠ ነገሥት ዉ አርጅቶና ታሞ ስለነበር፣ ከእንጨት የተቀረጸ ምስል መሬት ውስጥ እየቀበሩ መተት የሚያደርጉበት ሰዎች በዙሪያው እንዳሉ ያምን ነበር። በዚሁ ጥርጣሬ የተከሰሰው አልጋ ወራሹ ሊዩ ጁ፣ ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት መንገድ ቢያጣ በዋና ከተማው በቻንግአን ጦር አነሣ፤ ተሸንፎም ሸሸና ራሱን ሰቀለ። ሚስቱ፣ ልጁና ምራቱ ሲያልቁ፣ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው የልጅ ልጁ ተርፎ ወህኒ ወረደ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተመደበው ቢንግ ጂ የተባለ ሹም ለሕፃኑ ደረቅ ክፍል መርጦ፣ ከሴት እስረኞችም መካከል የሚያጠቡትን ፈለገለት። በ87 ሰማይ አንባቢዎች «በቻንግአን እስር ቤቶች ላይ የንጉሥ ምልክት ይታያል» ባሉ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እስረኛ ሁሉ እንዲገደል አዘዘ። ቢንግ ጂ ግን የእስር ቤቱን በር ዘግቶ፣ ተራ ሰው እንኳ ያለ ጥፋቱ አይገደልም፣ ይልቁንም የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅ ብሎ፣ የንጉሡን መልእክተኛ እስኪነጋ ድረስ ደጅ አቆመው። ንጉሡም ነገሩን ሲሰማ የሰማይ ፈቃድ ነው ብሎ ምሕረት አወጀ።

ልጁ ከዚያ በኋላ በአያቱ በኩል ባሉ ዘመዶቹ እጅ፣ ቀጥሎም በቤተ መንግሥቱ የሴቶች ክፍል አስተዳዳሪ በነበረው በጃንደረባው በዣንግ ሄ ጥበቃ ሥር አደገ። መጽሐፍ ቢማርም ዶሮ ማዋጋትና ፈረስ መጋለብ ይወድ ነበር፤ በየመንደሩ ሲዞርም የትኛው ሹም በደለኛ፣ የትኛውስ ፍትሐዊ እንደሆነ በዓይኑ አየ። ለማግባት ሲደርስ ዣንግ ሄ የራሱን የልጅ ልጅ ሊድርለት አሰበ፤ ወንድሙ ግን የወንጀለኛ ዘር ነው ብሎ ከለከለው። ዣንግ ሄም ሹ ጓንግሃን የተባለውን የሥራ ባልደረባውን መጠጥ ጋብዞ፣ ሞቅ ባለው ሰዓት ልጁን ሹ ፒንግጁንን ለዚህ ወጣት እንዲሰጥ ጠየቀው፤ እሱም እሺ አለ። በማግሥቱ ሚስቱ ስትሰማ ተቆጣች፤ ልጅሽ ታላቅ ሰው ትሆናለች ብሎ ጠንቋይ ነግሯት ነበርና። ቃል ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል። ጥሎሹን ዣንግ ሄ ከራሱ ኪስ ከፍሎ ሠርጉ ተደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ ሊዩ ሺ የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው።

በ74 ንጉሠ ነገሥት ዣዎ ያለ ወራሽ ሲሞት አገሪቱን በእንደራሴነት ያስተዳድር የነበረው ሁዎ ጓንግ፣ ሊዩ ሄ የሚባል ልዑል አንግሦ በ27ኛው ቀን ከዙፋኑ አወረደው። ከዚያም እናትም አባትም፣ ጦርም ወገንም የሌለውን ቢንግዪን መረጠ። አዲሱ ንጉሥ ለሥርዓት ሲወጣ እንደራሴው አብሮት በሠረገላ ይቀመጥ ነበርና፣ ወጣቱ በጀርባው እሾህ የተሰካበት ያህል ይሰማው እንደነበር ተጽፏል።

እንግዲህ አዋጁ የወጣው በዚህ ሁኔታ ነው። ሹማምንቱ ሁሉ በልባቸው እቴጌ አድርገው የያዙት የሁዎ ጓንግን ትንሽ ልጅ ሁዎ ቸንግጁንን ነው፤ ፒንግጁን ግን በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ማዕረግ ቢኖራትም እቴጌ አልነበረችም። ንጉሡ «አይሆንም» ቢል ዙፋን ላይ ያወጣውን ሰው ፊት ለፊት መጋፈጥ ይሆንበታል፤ ዝም ቢል ደግሞ ሚስቱን ያጣል። ስለ ሰይፉ ሲያዝ ስለ ሚስቱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሹማምንቱ ግን የነገሩን ወርቅ አላጡትምና ፒንግጁን እቴጌ እንድትሆን ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ፤ እሱም ሐሳባቸውን ተቀበለ።

ወዶ ነው ወይስ ለመፈተን ላሉት፣ በእኔ ግምት ሁለቱን መለያየት አይቻልም። ሚስቱን ሲመርጥ ሁዎ ጓንግን እየፈተነ መሆኑን ያውቃል፤ እንደራሴውም ዝም አላለም፤ የእቴጌይቱ አባት ተፈርዶበት የተሰለበ ሰው ነውና ለመሳፍንት ማዕረግ አይበቃም ብሎ ተከራከረ። የሰውየው ጥፋት ንጉሡን አጅቦ ሲጓዝ የሌላ ሰው ኮርቻ በስሕተት ፈረሱ ላይ መጫኑ ነበር! ፍቅሩን የሚመሰክረው ግን አዋጁ ሳይሆን ከብዙ ዓመታት በኋላ የሆነው ነገር ነው። ሊዩ ሺ አድጎ አልጋ ወራሽ ሳለ አባቱ ጠባዩን አልወደደለትም፤ ለመንግሥት ሥራ እጅግ የዋህ ነው ብሎ «ቤታችንን የሚያፈርሰው ይህ ልጅ ነው» እስከማለት ደርሶ፣ ሌላ ልጁን ሊተካ አስቦ ነበር። ያልተካው በድህነቱ ዘመን የሹ ቤተሰብ መጠጊያው ስለነበር፣ ከእናቱም ጋር ክፉውን ቀን አብረው ስላሳለፉ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊው ባን ጉ መዝግቧል። ያን ጊዜ ደግሞ የሚፈተን እንደራሴ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ የምኖር የጤና ባለሙያ ነኝ። የዚሁ ንጉሥ ሚስት በወሊድ ማግሥት በመድኃኒት መገደሏን ሰምቻለሁ። ያን ያህል ሐኪም ባለበት ቤተ መንግሥት እንዴት ሊሆን ቻለ? ደግሞስ በእኛ ከተማ ባቲ ድል ወንበራ አሚር ኑርን ያገባችው የሟቹን ባሏን የግራኝ አሕመድን ደም እንዲመልስላት ቃል አስገብታ ነው ይባላል፤ ይህ ንጉሥ ግን የገዳዮቹን ልጅ አግብቶ ተቀመጠ። አልገባኝም።

መልስ፦ የሞቱን ነገር ባን ጉ ከሌላው ሁሉ አስፍቶ ጽፎታል። በ71 እቴጌይቱ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ በታመመች ጊዜ፣ ቹንዩ ያን የተባለች ሴት ሐኪም እንድታስታምማት ተጠራች። ባሏ ተራ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነበርና፣ ወደ እቴጌይቱ ከመግባትሽ በፊት የሁዎ ጓንግን ሚስት ሁዎ ሺያንን ተሰናበቻት፣ በዚያውም ለእኔ ሹመት ለምኝልኝ አላት። ሁዎ ሺያን አሽከሮቿን አስወጥታ፣ ሐኪሟን በቁልምጫ ስሟ እየጠራች፣ ሴት ልጅ ስትወልድ ከሞት ጋር ትተናነቃለችና እቴጌይቱ በዚያ ሰዓት ብትሞት ማንም አይጠረጥርም፣ ልጄም በቦታዋ ትገባለች ስትል ገለጠችላት። ሐኪሟ መድኃኒቱን ብዙ ሐኪሞች በአንድነት ያዘጋጁታል፣ ቀድሞም የሚቀምሰው አለ ብላ ብታመነታም በመጨረሻ እሺ አለች።

የተጠቀመችበት ቻይናውያን እስከ ዛሬ ለመድኃኒት የሚጠቀሙበት የአንድ ተክል ሥር ነው። ጠቢባኑ ደጋግመው ዘፍዝፈውና ቀቅለው መርዙን ካላበረዱት በስተቀር አፍና እጅ እግርን ያደነዝዛል፣ የልብንም ምት ያዛባል። ሐኪሟ ሥሩን ፈጭታ ደብቃ አስገባች፤ እቴጌይቱም እንደተገላገለች፣ የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች ካዘጋጁት እንክብል ጋር ቀላቅላ ሰጠቻት። አራሷ ጥቂት ቆይታ «ራሴን ከበደኝ፤ መድኃኒቱ ውስጥ መርዝ ይኖር ይሆን?» ብላ ጠየቀች። «የለም» አለቻት። ሕመሙ እየባሰ ሄዶ ሞተች፤ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። እርስዎ እንደ ባለሙያ እንደሚረዱት፣ የወላዶች ሞት በበዛበት ዘመን ይህ ግድያ ከተፈጥሮ ሞት የሚለይበት ምልክት አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ያም ሆኖ ክስ ቀርቦ ሐኪሞቹ ሁሉ ታሰሩ። ሁዎ ሺያን ቹንዩ ያን ተመርምራ እንዳትናገር ፈርታ የሠራችውን ለባሏ ነገረችው። ሁዎ ጓንግ ደነገጠ፤ ራሱ ሊያጋልጣት አሰበ፤ ግን አልጨከነም። መዝገቡ ሲቀርብለት ቹንዩ ያን እንዳትጠየቅ ብሎ ጻፈበት። ለእኔ የዚህ ሰው ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥልጣን የሚወድ፣ ነገር ግን አገር የሚጠብቅ ሹም ነበር።

ደም ስለመመለስ ላነሡት፣ አሚር ኑር ጦር ነበረው፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1559 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ዓፄ ገላውዴዎስን የገጠማቸውም በዚያ ጦር ነው። ወጣቱ ሹዋን ግን የራሱን መኝታ ቤት የሚጠብቁትን ወታደሮች እንኳ አያዝም። የሁለቱ ዋና ቤተ መንግሥቶች የዘበኛ አዛዦች የሁዎ ጓንግ አማቾች ነበሩ። ወሬው ወደ ጆሮው ቢደርስም በእጁ ማስረጃ አልነበረምና በ70 ሁዎ ቸንግጁንን እቴጌ አድርጎ አነገሣት። እሾሁን በጀርባው ይዞ መቀመጥ በእስር ቤት ላደገ ልጅ አዲስ አይደለም።

ሁዎ ጓንግ በ68 ሲሞት ንጉሡ በንጉሥ ማዕረግ አስቀበረውና ሥራውን ቀስ ብሎ ጀመረ። ከሁሉ በፊት የነካው አቤቱታ የሚቀርብበትን መንገድ ነበር። ለንጉሡ የሚጻፍ አቤቱታ ሁሉ በሁለት ቅጂ ይቀርብ ነበር፤ አንደኛውን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቀድሞ ከፍቶ ካልወደደው ዋናውን ያስቀረዋል፤ ኃላፊነቱም በሁዎ ቤተሰብ እጅ ነበር። ዌይ ሺያንግ የተባለ ሹም ይህ ሁለተኛ ቅጂ እንዲቀር በፒንግጁን አባት በኩል ለንጉሡ ምክር አቀረበ። ቅጂው ሲቀር፣ ስለ እቴጌይቱ ሞት የሚወራውም ሆነ በሁዎ ቤት ላይ ያለው ብሶት ያለ ከልካይ ዙፋኑ ፊት መድረስ ጀመረ። ቀጥሎ አማቾቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ እየተዛወሩ፣ የዘበኛው ጦር በሹ ቤተሰብና በንጉሡ የአያት ወገኖች እጅ ገባ። በ67 የፒንግጁን ልጅ አልጋ ወራሽ ሲባል ሁዎ ሺያን በንዴት ደም ተፋች፤ ልጇንም ሕፃኑን እንድትመርዘው መከረቻት። እቴጌይቱ ልጁን ደጋግማ ለምግብ ብትጠራውም ሞግዚቶቹ ሁልጊዜ ቀድመው ስለሚቀምሱ አልሆነላትም። በ66 ቤተሰቡ ንጉሡን ሊያወርድ መዶለቱ ተጋለጠና ሁዎ ሺያንና ወንድ ልጇ ሁዎ ዩ ተገደሉ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን አጠፉ ወይም ተቀጡ። የንጉሡ በቀል አምስት ዓመት ያህል ቢዘገይም አልቀረም።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምጽፈው። ሁዎ ቸንግጁንስ ምን ሆነች? ንጉሡስ ከዚያ በኋላ እንደገና አገባ?

መልስ፦ በዚያው በ66 ከእቴጌነት ተሽራ በሌላ ቤተ መንግሥት ተዘጋች፤ ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ሌላ ስፍራ እንድትዛወር ሲታዘዝ ራሷን ገደለች። በፒንግጁን ግድያ እጇ ስለመኖሩ የተጻፈ የለም፤ በልጁ ላይ ያደረገችውን ግን በእናቷ ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

ንጉሡ በ64 ሌላ እቴጌ መረጠ፤ ይህች የዋንግ ቤተሰብ ልጅ የዱሮ ዶሮ አዋጊ ጓደኛው ልጅ ነበረች። የመረጣትም የራሷ ልጅ ስላልነበራትና ጠንቃቃ ስለነበረች የፒንግጁንን ልጅ እንድታሳድግለት ነው፤ ወደ እሷ ግን እምብዛም አይሄድም ነበር። ከሁዎ ቤት ጋር ያለው ሒሳብ ግን ተዘግቶ ያለቀ አይመስለኝም። በ51 የአሥራ አንድ ታላላቅ ሹማምንትን ምስል በአንድ አዳራሽ ሲያሥል ሕፃን ሳለ ያዳነውን ቢንግ ጂን አልረሳውም፤ ከሁሉ ፊት ያስቀመጠው ግን ሁዎ ጓንግን ነው። የሌሎቹ ሁሉ ስም በሙሉ ሲጻፍ፣ የእሱ ግን ለክብሩ ሲባል ማዕረጉና የቤተሰቡ ስም ብቻ ተጽፏል።