ያች አረንጓዴ ፊት ምንድን ናት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። «በሙላን ሩዥ» የሚባለውን የፈረንሳዊው ሠዓሊ የቱሉዝ ሎትሬክን ሥዕል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አይቼ ግራ ገባኝ። በቀኝ ጥግ ያለችው ሴት ፊቷ አረንጓዴ ነው። የኅትመት ስህተት ይሆን? ደግሞስ የጭፈራ ቤት ሥዕል ከሆነ ጭፈራው የታለ?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። እኔ እንዲያውም ሥዕሉን የምወደው በዚያች ፊት ምክንያት ነው። ሜይ ሚልተን ትባላለች፣ እንግሊዛዊት ዳንሰኛ ናት። መብራቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመታት፤ ለዚህ ነው ጥላው ግንባሯ ላይ ወጥቶ አገጭና ጉንጯ የሚያበራው። የፀሐይ ብርሃን ሰውን እንዲህ አያደርግም፣ የሌሊት መብራት ግን ያደርጋል፤ ሎትሬክም ያየውን ቀለም ሳያለዝብ፣ እንዲያውም አክርሮ ነው ያስቀመጠው።

ይህ ክፍል በአንድ ወቅት ከሸራው ላይ ተቆርጦ ነበር! ምናልባት ፊቷ ገዢ ያሸሻል ተብሎ ይሆናል። ደግነቱ እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመልሶ ተገጥሟል። ዛሬ ሥዕሉ ያለው በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ነው።

ጭፈራውን በተመለከተ፣ ልክ ነዎት፣ የለም። ሎትሬክ ይህን ሥዕል ከ1892 እስከ 1895 ባለው ጊዜ ሲሠራ የመረጠው ዳንሰኞቹ የሚያርፉበትን ሰዓት ነው። ጠረጴዛው ጋ ጀርባዋን ሰጥታን የተቀመጠችው ባለ ቀይ ፀጉሯ ዳንሰኛዋ ዣን አቭሪል ናት። ወደ ኋላ፣ መስታወቱ ፊት ቆማ ፀጉሯን የምታስተካክለው ደግሞ ላ ጉሉ፣ የዘመኑ ዝነኛ የካንካን (እግር ወደ ላይ እየተወረወረ የሚጨፈር ፈጣን ጭፈራ) ዳንሰኛ ናት። ከእሷ አለፍ ብሎ አንድ አጭር ሰው ከአንድ ረጅም ሰው ጋር ሲሄድ ይታያል። አጭሩ ራሱ ሎትሬክ ነው፣ ረጅሙ ዘመዱ ጋብርኤል ነው። ሎትሬክ በ13 እና በ14 ዓመቱ እግሮቹ ተሰብረው ከዚያ በኋላ ማደግ አቆሙ። ጭፈራ ቤቱ ሙላን ሩዥ በ1889 ፓሪስ ውስጥ፣ ሞንማርትር በሚባለው ሰፈር ሲከፈት ጀምሮ ሎትሬክ የቤቱ ደንበኛ ነበር፤ እነዚህ ሴቶችም የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ከሩቅ እንደሚታይ ትርዒት አልሣላቸውም።

ጭፈራ ካማረዎት የ1890ውን «ዳንስ በሙላን ሩዥ» ይፈልጉ፣ ፊላደልፊያ ነው ያለው። ከዚያ ግን ወደዚህኛው ይመለሱና መዳፍዎን ቀኝ ጥጉ ላይ ያድርጉ። ሜይ ሚልተን ስትሸፈን አዳራሹ በሙሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እጅዎን ሲያነሱ ደግሞ አጠገብዎ የቆመች ያህል ትመጣለች።