ጥያቄና መልስ፦ ትንሿ ካሜራ ጎንደር ላይ ስትፈተን

ሰላም ናችሁ? የካሜራ ጥያቄ ተጠራቅሞብኛል። ጥምቀት ሲቃረብ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሰርጉ፣ ከውጭ የሚመጣው ዘመድ፣ ሁሉም ካሜራ ያስታውሳል። የማወራው ስለ ኪስ ካሜራ ነው። ሌንሷ የማይፈታው፣ ስትከፍቷት ብቅ ስትዘጓት ጥልቅ የምትለዋ። በሉ ወደ ጥያቄው።

«ጋሼ፣ አንድ ሱቅ ባለ 20 ሜጋፒክስል ካሜራ አየሁ። ሌላ ሱቅ ደግሞ ባለ 12 አለ፤ ዋጋው ግን ከባለ 20ው ይበልጣል። ሻጩ ይሄ ነው የሚሻልህ ብሎ ድርቅ አለ። ሊሸውደኝ ነው አይደል?» (ከአዘዞ)

ላይሆን ይችላል። ሜጋፒክስል ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ነው የሚነግርህ። ነጥቦቹ ጥሩ ይሁኑ መጥፎ አይነግርህም። ፎቶ ቤት ሄደህ 10 በ15 ለማሳጠብ 2 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ይበቃሃል። ኤ4 የሚያህል ትልቅ ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲታተም 9 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 12ቱ ሳሎን ለሚሰቀለው ፎቶ ይተርፋል።

መጠየቅ ያለብህ የሴንሰሩን ስፋት ነው፤ ሴንሰር ማለት ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ቁራጭ ነው። ርካሾቹ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ በብዛት ያለው 1/2.3 ኢንች የሚባለው ነው፤ ሲለካ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከትንሿ ጣትህ ጥፍር ያነሰ። «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው (አዎ፣ አንድ ኢንች አይሞላም፤ ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የተወረሰ ነው)፣ በስፋት ግን የመጀመሪያውን 4 እጥፍ ይሆናል። እንደ ሊጥ አስበው። ከአንድ ቡኮ 12 እንጀራም 20 እንጀራም ማውጣት ይቻላል፤ 20 ካልክ ግን ይሳሳል። ቡኮው ትልቅ ከሆነ 20ም ችግር የለውም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አርኤክስ100 በ1 ኢንች ሴንሰር ላይ 20 ሜጋፒክስል ነበረው፤ ፎቶው ዛሬም አያሳፍርም። ስም የለሽ ሆነው «48 ሜጋፒክስል» የሚል የተለጠፈባቸውን ደግሞ እለፋቸው። ብዙዎቹ ቁጥሩን በሶፍትዌር የነፉት ነው።

«ስልኬ አይበቃኝም?» (ከአራዳ)

ብርሃን ባለበት ቦታ ለምታነሳው፣ ቴሌግራም ላይ ለምትለቀው፣ ይበቃሃል። ዙም ካልፈለግክ ብርህን ያዝ።

«እናቴን ጥምቀት ላይ አነሳኋት። ነጠላዋ ጥለቱ ሳይቀር ቁልጭ ብሏል፤ ፊቷ ግን ጠቁሮ ዓይኗ እንኳ አይለይም። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?» (ከቀሃ አካባቢ)

አልተበላሸም እህቴ። ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ የእኛ አገር ዋናው የካሜራ ፈተና ይሄው ነዋ። ነጭ ልብስ፣ ጠይም ፊት፣ የጥር ፀሐይ።

ካሜራ የሚያየው ነገር ሁሉ ሲደማመር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚገምተው። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ነው። ካሜራው ይሄን ያይና «ኧረ ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ሲቀንስ ነጠላው ያምራል፣ የእናትሽ ፊት ይጨልማል። ካሜራሽ ላይ የ+/- ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች፤ እሷን ወደ +0.7 ወይም +1 ውሰጃት። ካልሆነም ፍላሹን በጠራራ ፀሐይ አብሪው። ሰው ይስቅብሽ ይሆናል፣ ይሳቅ። የኪስ ካሜራ ፍላሽ ሁለት ሦስት ሜትር ድረስ ነው የሚሠራውና ጠጋ በይ።

አሁን ደግሞ በዚሁ ካሜራውን እንፈትነው። እኔ አዲስ ካሜራ እጄ ሲገባ ቅድሚያ የማደርገው ይሄን ነው፤ ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትቀመጣለች (ቡናው ሳይደርስ እንድጨርስ ነው ስምምነታችን)፣ እኔ ሳልንቀሳቀስ ሦስት ፎቶ አነሳለሁ፤ አንዱን በ0፣ አንዱን በ+0.7፣ አንዱን በ+1.3። ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ መጨረሻ ድረስ አጎላዋለሁ። የማየው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ ጉንጯን። ጠይም ፊት ጠይም ሆኖ መውጣት አለበት፤ ደካማ ካሜራ አመድ የነፉበት ያስመስለዋል፣ ወይ ያቀላዋል። ሁለተኛ የነጠላውን ጫፍ፣ ትከሻዋ ላይ ፀሐይ የሚመታውን። ጥሩ ካሜራ ፊቷን አፍክቶም ድርና ማጉን ያሳይሻል፣ ክር በክር ትለይዋለሽ። ደካማው ፊቱ ሲፈካ ነጠላውን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። ከነጣ በኋላ በምንም ማስተካከያ አይመለስም፣ ክሩ ፎቶው ውስጥ የለማ። ከጥቁሩ እስከ ነጩ አንድ ላይ የመያዝ አቅም ማለት ይሄ ነው፣ ዳይናሚክ ሬንጅ የሚሉት። ሰፊ ሴንሰር ያለው እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ የሚታየው። እናትሽን ወይስ ነጠላውን ከተባለ ግን እናትሽን ምረጪ።

«ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው። ሻጩ ፒያሳ ሻይ ቤት ቀጥሮኛል። ምን ምን ልይ?» (ከማራኪ)

የራስህን ሜሞሪ ካርድ ያዝ፣ ከቻልክ ላፕቶፕም። የካሜራው ስክሪን ላይ ብቻ አይተህ እንዳትከፍል። በዚያች ትንሽ ስክሪን ሁሉም ፎቶ ያምራል።

ከፒያሳ ፋሲል ግቢ ሩቅ አይደለም። ሻይህን ጠጣና ሻጩን ይዘኸው ሂድ፤ መግባት አያስፈልግህም፣ የውጭው የድንጋይ አጥር ይበቃሃል። ግንቡን ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ቁም። አንዱን ዙም ሳታደርግ፣ አንዱን መሀል ላይ፣ አንዱን ዙሙን ጨርሰህ አንሳ። ድንጋዩና በመሀሉ ያለው ኖራ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሸካራውን ድንጋይ ቀዳዳ ሁሉ ማየት አለብህ። አጉልተህ አራቱንም ጥግ ተመልከት። ጥጎቹ ከመሀሉ ትንሽ ደብዘዝ ቢሉ ያለ ነው። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ብዥ ካለ ግን ሌንሱ ተንጋዷል፣ ምናልባት ወድቋል፣ ተመለስ።

ይሄን የማውቀው ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ «እንደ አዲስ ነው» ተብዬ አንድ የኪስ ካሜራ ገዛሁ። ስክሪኑ ላይ አየሁት፣ አማረኝ፣ ከፈልኩ። በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ሙሽሮቹ መሀል፣ የወንድ ወገን በቀኝ፣ የሴት ወገን በግራ ተሰልፈው አነሳኋቸው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የወንድ ወገን ቁልጭ፣ የሴት ወገን ከሙሽራዋ እናት ጀምሮ እስከ ዳር ድረስ ብዥ። ሃያ ምናምን ፎቶ እንዲሁ። እኔ የወንድ ወገን ነኝ። ሌንሱ ነው ብዬ እስከ ዛሬ ያሳመንኩት ሰው የለም።

ከዚያ ቀና በልና የእንቁላል ግንቡን (የፋሲልን ቤተ መንግሥት) ጫፍ ከሰማዩ ጋር አንሳ። ጠርዙ ላይ ሐምራዊ መስመር ካየህ የሌንሱ ድክመት ነው፤ ትንሽ ከሆነ ይታለፋል፣ ወፍራም ከሆነ ሰማይ ባለበት ፎቶ ሁሉ ያናድድሃል። ባዶውን ሰማይም ዙሙን ጨርሰህ አንሳው፤ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ የምትታይ ደብዛዛ ጥቁር ነጥብ ካለች ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል። የኪስ ካሜራ ሌንስ አይፈታም፣ ስለዚህ አቧራውን ለማውጣት ካሜራው መበተን አለበት። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ ጆሮህን ጣል፤ አሸዋ እንዳለበት ወፍጮ ካንገራገጨ ተወው። ሜሞሪ ካርድ «ምርቃት» ብሎ ቢሰጥህ ደግሞ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ 64 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ ግን 8 ይሆናል። ሙሉውን ሞልተህ መጨረሻ ላይ የገባው ፋይል መከፈቱን ሳታይ ሰርግ ይዘኸው አትሂድ።

«ሰሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። ባለ 40 እጥፍ ዙም ይሻላል ወይስ ዙሙ ትንሽ የሆነ ግን ሴንሰሩ ሰፊ?» (ሁለት ጓደኛሞች)

ጭላዳ ከሆነ ያማራችሁ፣ ሴንሰሩ ሰፊ የሆነው። ጭላዳ ሳሩን እየነጨ ከሰው ብዙም አይሸሽም። 3 ወይም 4 እጥፍ ዙም ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ያመጣላችኋል። ዋልያ ገደል ላይ ቆሞ ካያችሁ ያን ጊዜ 40 እጥፉ ይናፍቃችኋል፣ ይሄን አልክድም። ግን ዙሙ ሲጨረስ ሌንሱ ብርሃን ማስገባት ይቀንሳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ 40 ጊዜ ይጎላል፣ ቀትር ላይ ደግሞ በመሀል ያለው የሞቀ አየር ራሱ ይርገበገባል። ጠዋት በማለዳ፣ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ከሆነ ደህና ነው። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ግን ከሜኑው አጥፉት፤ ቆርጦ ከማጉላት ሌላ ሥራ የለውም።

«አስጎብኚ ነኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ሳነሳ ፊታቸው በጣት የታበሰ ቀለም ይመስላል።»

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ክልክል። ካሜራህ ብርሃን ሲያጣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚለካውን ቁጥር) ወደ 1600፣ 3200 ይሰቅለዋል፣ ያን ጊዜ ፎቶው ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ይመጣል። ካሜራው አሸዋውን ላጥፋ ሲል የመላእክቱን የቅንድብ መስመርም አብሮ ያጥበዋል። እድፉን ሲፈትግ ጥለቱን እንደሚያስለቅቅ አጣቢ። ባለ 1/2.3 ኢንች ካሜራ ከ400 በላይ መታበስ ይጀምራል፤ ባለ 1 ኢንቹ 1600 ድረስ ያዋጣል።

ያንተን ችግር ግን ካሜራ ሳትቀይርም ታቃልለዋለህ። መጀመሪያ አገልጋዩን አስፈቅድ። ከተፈቀደልህ አይኤስኦውን 100 ላይ እሰረው፣ ሰዓት ቆጣሪውን 2 ሴኮንድ አድርግ፣ ነጠላህን አጥፈህ ምንጣፉ ላይ አንጥፍና ካሜራዋን በጀርባዋ አስተኛት፣ ሌንሷ ወደ ጣሪያው። ቁልፉን ተጫንና እጅህን አንሳ። መላእክቱ ከመቶ በላይ ናቸው፤ ግማሽ ሴኮንድም አንድ ሴኮንድም ቢፈጅ አይንቀሳቀሱብህም።

«ካሜራዬ ላይ የሚያምረው ፎቶ በቴሌግራም ስልከው ብዥ ይላል።»

እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ከላክሽው ቴሌግራም ያሳንሰዋል። ካሜራሽ ምንም አላጠፋ።

«ልጄ ድሮ ከውጭ የላከልኝ ባለ 7 ሜጋፒክስል ካሜራ አለኝ። የልጅ ልጆቼ ጣለው ይሉኛል። አዲስ ሜሞሪ ካርድ ባስገባለት አላውቀውም ይላል።» (አንድ አባት)

አባባ፣ ኧረ እንዳይጥሉት! 7 ሜጋፒክስል ከ10 በ15 አልፎ ለአልበም ትልቁ ገጽ ይበቃል። በፀሐይ ብርሃን ሲያነሱበት ከብዙ አዲስ ርካሽ ካሜራ ላያንስ ይችላል። ካርዱን ያላወቀው ስለተበላሸ አይመስለኝም። የዚያ ዘመን አንዳንድ ካሜራዎች እስከ 2 ጊጋ ያለውን የድሮውን ኤስዲ ካርድ ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ከ2 ጊጋ በላይ ያሉት አዳዲሶቹ አሠራራቸው ሌላ ነው። የልጅ ልጆችዎን «ባለ 2 ጊጋ ካርድ ፈልጉልኝ» ይበሏቸው፣ ሞባይል ጠጋኞች መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ሲያገኙ ከ200 በላይ ፎቶ ይይዝልዎታል፤ መጀመሪያ ጣለው ያለዎትን ልጅ ያንሱበት።