ዲፈረንሻሉን ከማስፈታትህ በፊት

ወንድሜ፣ «ዶልፊኔ (ሚኒባሴ) የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ከኋላ ያጉረመርማል፤ ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር ተባልኩ» ላልከው፦ ገንዘብህን ገና አታውጣ። ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን፣ አይደለም። ድምፁ መቼ እንደሚለወጥ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት ሎተሪ እንደመቁረጥ ነው።

መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹን ወደ ፊት አዛውር። ድምፁ አብሮ ከሄደ ጉዳዩ የጎሚስታ ነው፣ አለቀ።

ካልሄደ ወደ ከሚሴ ያለው ሜዳማ መንገድ ላይ ውጣና በ60 እየነዳህ ነዳጅ ስጥ፣ ከዚያ ልቀቅ። ስትሰጥ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚናከሱት የፒኞን (ትንሹ) እና የኮሮና (ትልቁ) ጥርስ ይጠረጠራል። ስትለቅ የሚብስ ከሆነ የፒኞን ኩሽኔታ (ፒኞኑ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ላልቶ ይሆናል፤ መኪናው ቆሞ ከዲፈረንሻሉ ፊት ለፊት የወጣውን የፒኞኑን ጫፍ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፣ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ነዳጁ ግድ ሳይሰጠው ኩርባ ላይ የሚለዋወጥ ድምፅ ግን የጎማ ኩሽኔታ ነው። ለዚህ ሐረጎን የሚያህል መፈተኛ የለም፦ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከባሰ ክብደቱ ያረፈበትን የቀኙን ጠርጥር። ቁልቁለቱን በፍሪ (ያለ ማርሽ) እየለቀቅክ አዳምጥ የሚልህ ካለ ወላሂ እንዳትሰማው፤ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይልሃል።

ስትነሳ ወይም ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ስትቀይር «ቋ» የሚል ከሆነማ ክሮቸራውን፣ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ ላይ ያለውን መስቀል መሰል መገጣጠሚያ፣ እይ። ጎማውን በድንጋይ አስይዝ፣ ማርሹን ፍሪ አድርገህ ከሥር ግባ፣ ዘንጉን በአንድ እጅ የክሮቸራውን ማዶ በሌላው ይዘህ በተቃራኒ ጠምዝዝ። መገጣጠሚያው ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህ ግራሶው ደርቆ ውስጡ ያሉት መርፌ መሰል ቀጫጭን የኩሽኔታ ብረቶች እየተበሉ ነው። ብዙ ጭነት የሚጭን መኪና ከሆነ ባሌስትራውን (ጭነቱን የሚሸከሙትን የላሜራ ሞላዎች) ከአክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን ከያዘው ድፍን ብረት) ጋር የሚያስሩትን ብሎኖችም አጥብቅ፤ ሲላሉ አክስሉ ይዞርና ዳገት ላይ ያንቀጠቅጣል።

ዲፈረንሻሉ ይፈታ ከተባለም መጀመሪያ ዘይቱ ይፍሰስ። ማፍሰሻው ብሎን ላይ የተጣበቀ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የተለመደ ነው። ጥፍር የሚይዘው ስባሪ ብረት ካገኘህ ግን ቀይር ያሉህ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ያገለገለ ዲፈረንሻል ስትገዛ የኮሮናና የፒኞኑ ጥርስ ቁጥር ከአሮጌው እኩል መሆኑን ሳታስቆጥር እንዳትከፍል፤ ካልገጠመ ወይ ዳገት ላይ ይሰንፍብሃል ወይ ነዳጅ ይጨርስብሃል፣ የፍጥነት ንባቡም ይዋሻል።