ትውስታን በአንጎል ምስል ማጥናት ለምትመኙ የሐዋሳ ተማሪዎች

ልጆቼ፣

ስልካችሁ ላይ የምታዩት ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት የአንጎል ምስል የትውስታ ፎቶግራፍ አይደለም። ወደዚህ ሙያ የሚመጣ ወጣት ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

ምስሉን የሚያነሳው መሣሪያ ኤምአርአይ ይባላል፤ በትልቅ ማግኔት የሚሠራ ነው። መሣሪያው የነርቭ ሕዋስ ሲሠራ አያይም፤ የሚያየው ደምን ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የተሸከመ ደም ከሚያስፈልገው በላይ ይጎርፍለታል። ኦክስጅን ያለውና የሌለው ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በማግኔት ውስጥ ጠባያቸው ይለያያል፤ ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። ይዘገያልም፤ ለተሳታፊው አንድ ቃል ቢታይ፣ ከታየ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው። ጎኗ 3 ሚሊሜትር የሆነች አንዲት ቮክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባት ትንሽ ኩብ፣ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት ትይዛለች።

ስለዚህ ጥናቱን የሚያጸናው ወይም የሚጥለው ማግኔቱ ሳይሆን ለተሳታፊው የምትሰጡት ፈተና ነው። ፈተናውን ደግሞ አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና አንድ ላፕቶፕ ካላችሁ ሐዋሳ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። የዘርፉን መሠረት የጣለው ሥራም ማግኔት አልነበረውም። ሄንሪ ሞላይሰን በ1953 እ.ኤ.አ. የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ በሁለቱም በኩል ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎሉ ክፍል ሲቆረጥለት አዲስ ነገር መያዝ ተሳነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ግን እጁን በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲስል ስታደርገው ከቀን ወደ ቀን ይሻሻል ነበር፤ ከዚያ በፊት መሣሉን ግን አያስታውስም። ትውስታ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ የታየው በእርሳስና በመስታወት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች፣ አንዱ በቃላት ሌላው በፎቶግራፍ፣ ተሳታፊው ኤምአርአይ ውስጥ ሆኖ ያየውን በኋላ ፈተኑት፤ ከዚያም ያስታወሰውንና የረሳውን ለይተው የአንጎሉን ሲግናል አነጻጸሩ። ቀላል ይመስላል። 120 ቃል አሳይታችሁ ተሳታፊው 110ሩን ካስታወሰ ግን የረሳቸው 10 ብቻ ስለሆኑ የምታነጻጽሩት የላችሁም። በየወገኑ ቢያንስ 30 ያህል እንዲኖራችሁ አስቀድማችሁ በክፍል ውስጥ ሞክሩት፤ የሚያስታውሱት ከ50 እስከ 70 በመቶ እስኪሆን ድረስ ቃሉ የሚታይበትን ጊዜ አሳጥሩ ወይም የቃሉን ብዛት ጨምሩ። በቃልና በቃል መካከል ያለውንም ጊዜ አንዴ 2፣ አንዴ 5፣ አንዴ 8 ሰከንድ እያደረጋችሁ ቀያይሩት፤ አለዚያ የደሙ ለውጥ ዘገምተኛ ስለሆነ የአንዱ ቃል ሲግናል ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቃል።

የእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር ተርጉማችሁ አትጠቀሙ፤ እዚያ የተለመደው እዚህ ብርቅ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን አዘጋጁ። በዋናው ጥናት የማይሳተፉ 30 ተማሪዎች እያንዳንዱን ቃል ለጆሯቸው ምን ያህል እንደተለመደ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይስጡት። «ዋና» እና «ገና» ዓይነቶቹን፣ በሁለት መንገድ የሚነበቡትን፣ አውጡ። ተሳታፊው አፉን የፈታበትን ቋንቋም መዝግቡ፤ ሐዋሳ ውስጥ አማርኛና ሲዳሙ አፎን እኩል የሚናገር ሰው ብዙ ነው፣ ይህን ያልመዘገበ ጥናት በኋላ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይችልም።

አንድ ቀን ማሽኑ ዘንድ ስትደርሱ ማግኔቱ ሁልጊዜ እንደበራ አስቡ፤ ማንም ሳይጠየቅ አይገባም። የልብ ምት ማስተካከያ ተገጥሞለት እንደሆነ፣ እንዲሁም ብረታ ብረት የበየደ ወይም የሞረደ ሰው ዓይኑ ውስጥ ብናኝ ቀርቶ እንደሆነ ጠይቁ። ማተብ በክሩ ችግር የለውም፤ መስቀሉ ብረት ከሆነ ግን ይወልቃል። ክታብ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ እሱም ይወልቃል። ይህንን ከቤቱ ሳይወጣ በፊት በአክብሮት ንገሩት እንጂ በር ላይ አታስደንግጡት። ኩል ምስሉን ሊያበላሽ ስለሚችል ይታጠባል፤ ሹሩባ ውስጥም የብረት ማያዣ እንዳይኖር ይታይ። መልሱን በአፉ ሳይሆን ቁልፍ በመጫን ይስጥ፤ ሲናገር ጭንቅላቱ ይነቃነቃልና። የግማሽ ሚሊሜትር መነቃነቅ እንኳ የአንጎል ክፍሎች የተገናኙ የሚያስመስል ሐሰተኛ ውጤት ያመጣል።

ትንተናውን ለመለማመድ ማሽን አትጠብቁ። ኦፐንኒውሮ የተባለ ድረ ገጽ ላይ የተቀመጡ የምርምር ምስሎች በነጻ ይገኛሉ፤ ኤፍኤስኤልና ኤስፒኤም የተባሉት የመተንተኛ ፕሮግራሞችም ለጥናት ዋጋ አይጠየቅባቸውም። መጀመሪያ የአንድ ሰው ብቻ አውርዱ፣ ኢንተርኔቱም መብራቱም ስለማያስተማምን። ምንም ሳትነኩ በዓይናችሁ ተመልከቱት። ከጆሮ ቀዳዳ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል በአካባቢው ባለው አየር ምክንያት ሲግናሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ሂፖካምፐስም ለዚያ ቅርብ ነው። ምስሉን ስታለሰልሱም፣ ማለትም የየቮክስሉን ሲግናል ከጎረቤቶቹ ጋር ስታማክሉ፣ 8 ሚሊሜትር ለዚህ ቀጭን አካል ይበዛበታል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያደበላልቀዋል።

ከዚያ ስታቲስቲክሱ ይመጣል። 50,000 ቮክስል በ0.05 ወሰን (ከ100 አምስቱ በአጋጣሚ እንዲያልፉ በሚፈቅድ) ከፈተናችሁ ምንም ነገር ባይኖር እንኳ 2,500 ያህሉ በአጋጣሚ «ይበራሉ»። ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ «አሳይተውት»፣ ለፈተናዎቹ ብዛት እርማት ሳያደርጉ ሲተነትኑ የዓሣው አንጎል የሠራ መስሎ ወጣ። ቀልድ ይመስላል፤ እርማቱን ስትዘሉ የምታደርጉት ግን ይኸው ነው።

ከናንተ መካከል የባጃጅ ነጂዎችን አንጎል ማጥናት የሚያምረው አይጠፋም፣ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። የለንደን ታክሲ ነጂዎች የኋላ ሂፖካምፐስ ትልቅ ሆኖ መገኘቱን ኤሊኖር ማግዋየር በ2000 እ.ኤ.አ. አሳይታለች። ግን ሥራው አንጎሉን አሳደገው ወይስ ሂፖካምፐሱ ትልቅ የሆነው ሰው ሥራውን መረጠ? ይህን ለመለየት በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 79 ሠልጣኞችን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለዓመታት ተከተለ፤ ለውጡ የታየው የለንደንን መንገዶች የማወቅ ፈተናውን ባለፉት 39ኙ ላይ ብቻ ነው። አንድ ውስብስብ ሥዕል በማስታወስ ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰ ውጤት አመጡ።

እናንተም ባጃጅ ሊይዝ የተዘጋጀውን አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ፈትኑት። ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል፣ ከታቦር እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ መንገዱን በባዶ ወረቀት ይሣል፤ ከ6 ወር በኋላም እንዲሁ። አነጻጻሪ የሚሆነውን ቡድን ከከተማው ውስጥ ምረጡ፤ እንደ ነጂዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚዘዋወር፣ መንገዱን ግን ራሱ የማይመርጥ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የታክሲ ረዳት። ሥራውን በመሐል የተዉትንም ፈልጋችሁ ድጋሚ ፈትኑ።